የጠባቂዋ ኮሌታ

እትዬ መቀስ ነበር የሚሏት። የእናት የአባቷን ስም የሚያውቅ አይጠፋም፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራለች። በዚያ የሥራ ልብስ በሚሰፋበት ቤት፣ በእሷ እጅ ሳያልፍ ወደ ስፌት መኪና የደረሰ አንድ እጅጌ፣ አንድ ኪስ የለም። ሰው ሁሉ አንቱ ይላታል። እፍረቷን ለመናገር ግን «እሷ» ማለት ይቀላልና፣ እዚህ እሷ እንበላት።

የቆራጭ ሥራ እንደ ሰፊ አይደለም። ሰፊ ብትሳሳት አንድ ልብስ ነው፤ ትተረትረዋለች፣ ትመልሰዋለች። ቆራጭ ግን ጨርቁን በላይ በላዩ ሠላሳም ስልሳም አድርጋ ትደርበዋለች፤ ከላይ የወረቀቱን ንድፍ ታነጥፋለች፣ እንዳይንሸራተት አራት ብረት ትጭንበታለች፣ በጠመኔ ዙሪያውን ታሰምራለች፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩን መቁረጫ ትነዳለች። እጇ አንዴ ከሳተ ስልሳ ጊዜ ሳተ ማለት ነው። ለዚህ ይሁን ወይም ሲፈጥራት፣ እትዬ መቀስ ቀልድ አታውቅም ነበር። አዲስ የሚገቡ ሴቶች «እሳቸው እኮ ጨርቁን በዐይናቸው ነው የሚቆርጡት» እየተባሉ ነበር ሥራ የሚጀምሩት።

ከእሷ ጠረጴዛ ትይዩ ባለካውያዋ ነበረች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሳቂታ፣ ሳትጠየቅ የምታወራ፣ ጠዋት ካውያውን ለማጋል ከሁሉም ቀድማ የምትገባ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ለጥፋለች። ጎራዴ የያዘች ወጣት ናት፤ ፀጉሯ ወገቧን አልፏል፣ የለበሰችው ካባ ኮሌታው እስከ አገጯ ቆሞ ቀኝ ትከሻዋ ላይ በአንድ ቁልፍ ተዘግቷል። በምሳ ሰዓት ባለካውያዋ ስልኳን ከውሃ መርጫው ጠርሙስ ላይ ታስደግፍና የዚችን ወጣት ፊልም ታያለች።

አንድ ቀን እትዬ መቀስ ከጀርባዋ ቆመችባት።

«ይሄ ካርቱን አይደለም እንዴ?»

«ካርቱን አይደለም እትዬ፣ አኒሜ ነው። ተከታታይ ነው። ‹የነፋስ በር› ነው የሚባለው። ይቺ ጠባቂዋ ናት።»

«በሥዕል እስከተሠራ ካርቱን ነው። አንቺን የምታህል ሴት ሦስት ወልዳ ታሳድጋለች፤ አንቺ ከሥዕል ጋር ታጭተሽ ተቀመጪ!»

ሴቶቹ በሳቅ አውካኩ። ባለካውያዋም አብራ ሳቀች፤ ግን ስልኳን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «የካርቱኗ ሙሽራ» ተብላ ቀረች። ስሙን ማን አወጣው ቢባል፣ እትዬ መቀስ ናት።

አሁን የሚገርመው ይሄ ነው፦ እትዬ መቀስ እየተሳለቀች ሳለ፣ ስልኩ እስኪዞርባት ድረስ ዐይኗ ከላዩ አልተነሳም ነበር። እዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጎራዴው አጠገቡ ወድቋል። ወጣቷ ፊቱ ተንበርክካለች። ሰውየው አያት አያትና፣ ከታች በአማርኛ በተጻፈው ጽሑፍ «እህቴ፣ ከየት ነሽ?» አላት።

እትዬ መቀስ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ መቁረጫውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ባሏ ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ይህንኑ ነበር የሚላት። ቃል በቃል። አርባ ዓመት አብራው ኖራ «እህቴ፣ ከየት ነሽ?» እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እንዴት እንደተገናኙ ከሥር ከመሠረቱ ትነግረው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ደክሟት፣ «ጎረቤት ነኝ» አለችው። ያቺን ጠዋት ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በሳምንቱ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሄደች። ሱቁ የአንድ ሰው ትከሻ ነው የሚያህለው፤ ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ዐይኑ ላይ እንዳደረገ ነው ሰው የሚያናግረው።

«‹የነፋስ በር› የሚባል… የልጆች ነገር አለህ? ለልጅ ልጄ ነበር።»

«አለ እናቴ። ሃያ አራት ክፍል ነው። ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?»

የልጅ ልጅ ቀርቶ ልጅም የላትም። «ሰባት» አለች።

«ውይ! ይሄ እኮ ለሰባት ዓመት አይሆንም። ደም አለው። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ መሳሳም አለ።»

«እሱ… ብልህ ልጅ ነው።»

ጠጋኙ መነጽሩን አወለቀና አያት። ከዚያ ጫነላት። እትዬ መቀስ ከሱቁ ስትወጣ አንገቷ ድረስ ቀልታ ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በሯን ትዘጋለች። በግድግዳ የምትዋሰናት እህቷ እንዳትጠረጥር ራዲዮ ትከፍታለች። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ይቀድማታል። ስለዚህ ፊደሉ በወጣ ቁጥር ምስሉን በጣቷ ታቆመዋለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነበዋለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች። ሌላ ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው አንድ ክፍል ለእሷ ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። ጎራዴ አየር ላይ ተነሥቶ ቆሞ ይጠብቃታል። እንባ ጉንጭ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እህቷ በሩን ስትቆረቁር «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው!» ትላለች።

ክረምት ገብቶ እስኪወጣ እንዲህ ሆነች። ልብ አያረጅም የሚሉት ለካ ውሸት አይደለም። ትንሽ ልጅ ሳለች አያቷ ስትተርትላት የነበረው ሁሉ፣ ተራራው፣ ነፋሱ፣ የተደበቀው በር፣ ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ የመጣላት መሰላት። ከሁሉ ከሁሉ ያ ኮሌታ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮሌታ ቆርጣለች፤ እንደዚያ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም አላየችም። እንዴት ቢቆረጥ ነው? እጥፋቱ የት ጋ ቢሰበር ነው? ሃያ አራተኛውን፣ የመጨረሻውን ክፍል በጨረሰች ማግስት፣ በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ቡናማ ወረቀት አንስታ ነደፈችው። ለራሷ የቤት ካባ ልትሰፋ ነበር። በስልሳ ሁለት ዓመቷ! ሰው ሲመጣ ሰማችና ወረቀቱን የዶክተር ጋዋን ንድፍ በተሰቀለበት ምስማር ላይ አብራ ሰቀለችው። ወደ ቤት ስሄድ እወስደዋለሁ አለች። ረሳችው።

በቀጣዩ እሑድ ያንኑ የመጨረሻ ክፍል ደግማ አየችው። ሰኞ ጠዋት ለሐኪም ቤት የሚሄድ ስልሳ ነጭ ጋዋን ታዘዘ። ነጩን ጨርቅ ስልሳ ጊዜ ደረበች። አካሉን ቆረጠች፣ እጅጌውን ቆረጠች። እጇ ጨርቁ ላይ ነው፤ ልቧ ግን የነፋሱ በር ላይ ቀርቷል። ኮሌታው ላይ ስትደርስ ከላይ ያገኘችውን ወረቀት ከምስማሩ አውርዳ፣ ብረቱን ጫነች፣ አሰመረች፣ ነዳችው።

ማክሰኞ አንዷ ሰፊ ኮሌታ አንጠልጥላ መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ኮሌታ አልረዘመም?»

«እኔ ነኝ ቆራጭ ወይስ አንቺ? የተቆረጠልሽን ስፊ!»

ቀና ብላ እንኳን አላየችም። ሰፊዋም ሰፋች።

ረቡዕ ጋዋኖቹ ካውያ ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ባለካውያዋ የመጀመሪያውን ኮሌታ በእንፋሎት ስትመታው ብድግ ብሎ ቆመ። «እንዴ!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። «ይሄ እኮ የጠባቂዋ ኮሌታ ነው! ኑ እዩልኝ!»

ሳቋ ሳያልቅ ተቆጣጣሪው መጣ። ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን ጊዜ ሲያጥርበት የሚጮህ ሰው ነው። ጋዋኑን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየ፣ ባለካውያዋን አየ።

«አንቺ ነሽ!»

«ምኑን?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻሽን የምትገቢው አንቺ። ካርቱን የምታመልኪው አንቺ። ንድፉን ቀይረሽ ሰቀልሽዋ! ቀልድ መሆኑ ነው?»

«ኧረ እኔ መቀስ እንኳን አልይዝም! እትዬን ጠይቋቸው።»

ሁሉም ወደ እትዬ መቀስ ዞረ። መኪናዎቹ ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሟን የጠበቀችበት ጠረጴዛ ከፊቷ ነበር፤ እጆቿ ላይ የጠመኔው ዱቄት ነበር። «እኔ ነኝ» ቢሉ ሁለት ቃል ነው። ግን ከሁለቱ ቃል ኋላ «ለምን?» ይመጣል፤ ከ«ለምን?» ኋላ ደግሞ ያ ካርቱን፣ ራዲዮው፣ የሌለው የልጅ ልጅ፣ ሁሉም ተግተልትሎ ይመጣል።

«እኔ» አለች፣ «የተሰቀለውን ነው የቆረጥኩት።»

ውሸት አልነበረም። ከውሸት ግን ይከፋል።

ተቆጣጣሪው ሥዕሉን ከግድግዳው ቦጨቀው። «ጋዋኑ ማክሰኞ ይወጣል። ስልሳውን ኮሌታ ቁጭ ብለሽ ትተረትሪያለሽ። ማክሰኞ ጋዋኑ ሲወጣ አንቺም አብረሽ ትወጫለሽ።»

ባለካውያዋን ከእትዬ መቀስ ጠረጴዛ ጫፍ አስቀመጧት። አንዷ ትተረትራለች፣ ሌላዋ አዲስ ኮሌታ ትቆርጣለች። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ነው፤ ዐይን ይፈጃል። በምላጭ ትጀምረዋለች፣ ምላጩ ጨርቁን እንዳይበላው ቀሪውን በጥፍሯ ትስበዋለች። ሐሙስ ምንም አላወራችም። ያቺ ሳትጠየቅ የምታወራ ልጅ! አርብ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ለሁለት ተሰነጠቀ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። እትዬ መቀስ ሻይ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆየ።

«ጠጪ እንጂ የኔ ልጅ።»

«ነጭ ጨርቅ አጠገብ ሻይ አይደረግም እትዬ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ቅዳሜ የሚያልፉት ሴቶች «የካርቱኗ ሙሽራ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» እያሉ አለፉ። እትዬ መቀስ ራሷ ያወጣችው ስም በየአፉ ሲገላበጥ እየሰማች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን አፏ አልተከፈተም። ሰኞ እናገራለሁ አለች። ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ተቆጣጣሪው ይበርድለት ይሆናል አለች። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ነገ አያጣም።

እሑድ በሯን ዘጋች፣ ራዲዮውን ከፈተች። የመጨረሻውን ክፍል እንደገና ልታይ ነበር። የጠባቂዋ ፊት ብቅ ሲል ግን አላስቻላትም፤ ስልኩን ትራስ ሥር ከተተችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ኮሌታ ቀረ። ባለካውያዋ አንዱን አነሳች፤ ከመተርተሯ በፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና በቀስታ፣ ለማንም እንዳይሰማ አድርጋ ተናገረች።

«እትዬ፣ ግድግዳዬ ላይ የነበረው ሥዕል ኮሌታው በየት በኩል ነበር የሚዘጋው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«በቀኝ ነበር። ይሄኛው በግራ ነው የሚዘጋው።»

እትዬ መቀስ ጠመኔውን ያዘችው።

«ጠባቂዋ ኮሌታዋን ወደ ግራ የምታዞረው ሃያ አራተኛው ክፍል ላይ ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ያላየ ሰው አያውቀውም። እዚህ ቤት የማየው እኔ ብቻ ነኝ እል ነበር።» ቀና አለች። «ረቡዕ ገና በእንፋሎት ስመታው ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ… ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወደ ክሯ ተመለሰች። እትዬ መቀስ ግን ከረቡዕ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ሁሉ ተገለባብጦ ታያት። ስትታይ ነው የከረመችው። ሻይ ስታመጣ፣ «የኔ ልጅ» ስትል፣ ሴቶቹ ሲሳለቁ ጠመኔዋን ስታማርጥ፣ ይህቺ ልጅ ሁሉን እያወቀች አይታታለች። የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ፤ ይሄኛው ፊት ግን እሳቱን እንኳን አላቀጣጠለባትም።

ተነሥታ ወደ ቤቱ መሐል ሄደች። «መኪና አቁሙ» አለች። ስታዝ የኖረች ናትና አቆሙ።

«ኮሌታውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። የሰቀልኩትም እኔ፣ የቆረጥኩትም እኔ። ልጅቷ የለችበትም።»

ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ደግ ነዎት። ልጅቷ አሳዝናዎት ነው። እርስዎና ካርቱን!»

ሴቶቹም «እውነት ነው፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው» ተባባሉ። ይሄን አላሰበችውም ነበር። ለመናገር እንጂ ለመታመን አልተዘጋጀችም። ደግነት ሆኖላት ቁጭ! እዚያ ላይ ዝም ብትል ከሁሉም ያለፈ ክብር ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ በተመለሰች፤ ለአንድ አፍታም ይህ ነገር በልቧ ሽው አለ። በዚህም አፈረች።

«ካርቱን አይደለም» አለች፤ «አኒሜ ነው።»

አንዷ ሳቋን አፈነች።

«አንድ የነፋስ በር አለ» አለች እትዬ መቀስ፣ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተክላ። «በሁለት አገር መሐል ነው። ጠባቂዋ ወጣት ናት። ከወዲያ ማዶ አንድ ጎራዴ ያዥ ቆስሎ መጣ። እሱ ጎራዴውን በመዘዘ ቁጥር አንድ ትዝታ ይጠፋበታል፤ እርግማን ነው። የሚመዘው ግን ለእሷ ነው። ጠላት በመጣ ቁጥር ይመዛል፣ ያድናታል፣ ከዚያ ዞሮ አያት አያትና… ‹እህቴ፣ ከየት ነሽ?› ይላታል።»

የጠመኔውን ዱቄት ከእጇ አራገፈች።

«ከዚያስ?» አለች ያቺ የኮሌታውን መርዘም የጠየቀችው ሰፊ።

«ከዚያማ ታስቀምጠውና እንዴት እንደተገናኙ ከመጀመሪያው ትነግረዋለች። በየጊዜው። አይሰለቻትም። ነገሩን ስታሳምረው! ነፋሱ ይነሣል፣ የሣሩ ቀለም ይቀየራል፣ አንድ ወንዝ አለ ወደ ላይ የሚፈስስ፤ እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ውሃ አላየሁም። ውጊያውስ! ጎራዴው ሲያልፍ ጨርቅ እንደሚቀደድ ነው አየሩ የሚቀደደው። ግን አንድ ነገር ትደብቀዋለች። ቆስሎ የመጣ ቀን ወንድሙ አብሮት ነበር፤ እሷ ፈርታ በሩን ዘጋችው፤ ወንድሙ ውጭ ቀረ። ይሄንን እየዘለለች ነው የምትነግረው። በእነሱ አገር የተደበቀ ነገር ያለው ሰው ኮሌታውን በቀኝ ይዘጋል፤ የሌለው በግራ፣ በልብ በኩል። መጨረሻው ላይ ነገረችው። ነገረችውና ኮሌታዋን ወደ ግራ አዞረችው።»

«ሳማት?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«እሷ ናት የሳመችው» አለች እትዬ መቀስ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ኮሌታ አንስቶ አገላብጦ አየው፤ የተቦጨቀውን ሥዕል ከመሳቢያው አውጥቶ አስተያየ። ቀኝ። ግራ። ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬ መቀስን ለመቆጣት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ እሱንም ሥራ ያስተማረችው እሷ ነበረች።

«ወደ ካውያሽ ተመለሺ» አላት ባለካውያዋን፣ ሳያያት። ሥዕሉን ዘረጋላት፤ ከአንገቷ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። «የቀሩትን… እትዬ፣ እርስዎ ይተርትሯቸው።»

አሥራ አንዱን ኮሌታ እሷ ተረተረች። ባለካውያዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ አጠገቧ ቆመች።

«ይቅር በይኝ» አለች እትዬ መቀስ።

«እሺ።» ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው ነበር ያለችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ወንዙ ወደ ላይ አይፈስስም። እሱ ነው በትዝታው እንደዚያ የሚያየው። አሥራ ሰባተኛውን ክፍል በደንብ አላዩትም።»

«ጽሑፉ ይቀድመኛል» አለች እትዬ መቀስ። ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

ባለካውያዋ አያት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ካውያዋ ሄደች።

የፊልሙ ሁለተኛ ዙር ወጣ ሲባል እትዬ መቀስ ወደ ስልክ ጠጋኙ ተመለሰች። «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አላት፣ መነጽሩን ሳያወልቅ። «የልጅ ልጅ የለኝም። ለእኔ ነው» አለች። ሰውየው «እሺ እናቴ» ብሎ ጫነላት፤ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ይኸው ነበር። ያን ሁሉ ወራት ራዲዮ ያስከፈታት፣ ሰው ያስበደላት እፍረት እፍኝ አይሞላም ነበር።

ሌላኛው እፍረት ግን እንደዚያ አይደለም። የባለካውያዋ ጥፍር ተጠግኖ አደገ፤ ሲያድግ ግን መሐሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይዞ ቀረ፣ ክር የምታህል። ጋዋን ስታጣጥፍ ይታያል። አሁን በምሳ ሰዓት ስልኩን ከጠርሙሱ ላይ ስታስደግፍ ትንሽ ዞር ታደርገዋለች፣ ከማዶ ጠረጴዛ እንዲታይ አድርጋ፤ ጽሑፉ ሲወጣም ሳትጠየቅ በጣቷ ታቆመዋለች። በዚያው ጣቷ። እትዬ መቀስ መጀመሪያ የጥፍሩን መስመር ታያለች፣ ከዚያ ነው ፊደሉን የምታነበው።